ገዢው ጥቂት ስለ ሆነ መድኃኒት

እምብዛም ለማይታዩ በሽታዎች የመንግሥት አማካሪ ጉባኤ የሚሰጠው ጥቅም

ነጋዴ ዕቃ ከማዘዙ አስቀድሞ ገዢውን ይቈጥራል። ከወረኢሉና ከጃማ ደጋ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ተጭኖ ወደ ደሴ የሚሄደው፣ ከደሴም ጨው፣ ስኳር፣ ቆርቆሮና ልብስ ወደ ደጋው የሚመለሰው በሁለቱም ወገን ገዢው ብዙና የታወቀ በመሆኑ ነው። የሚሸጠው ዕቃ ሲበዛ የማጓጓዣው ዋጋ ለብዙ ይከፋፈላል፤ ነጋዴውም በጥቂት ትርፍ ረክቶ ዕቃውን ቶሎ ቶሎ ያመላልሳል። ገዢው የጠፋ እንደ ሆነ ግን ዕቃው ከመደርደሪያው ላይ ይሰነብታል፤ ገንዘቡም አብሮ ይታሰራል። ይህ ደንብ ለጨርቅ፣ ለሚስማርና ለሳሙና የሚስማማ ስለ ሆነ ማንም በእርሱ አይጐዳም። በወረኢሉ ያልተገኘ ጨርቅ በደሴ ይገኛል፤ በዚህ ወር የጠፋ ሳሙና በሚመጣው ወር ይተካል።

ነገር ግን ገዢው እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ሲጠፋ ሰው የሚሞትበት ወይም አካሉ የሚጐድልበት አንድ ዓይነት ዕቃ አለ። እርሱም እምብዛም የማይታዩ በሽታዎች መድኃኒት ነው። ችግሩን የመድኃኒት አስመጪዎች፣ የጅምላ አከፋፋዮችና የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች ጠንቅቀው ያውቁታል። መፍትሔው ግን ከአንድ ነጋዴ ዐቅም በላይ ስለ ሆነ፣ ብዙ መንግሥታት በዚህ ጕዳይ ላይ ብቻ የሚመክር ጉባኤ አቋቁመዋል። እንዲህ ያለው ጉባኤ ምን እንደሚሠራ፣ ለወሎ ደጋ ሰውና ለመድኃኒት ነጋዴውስ ምን ጥቅም እንደሚያስገኝ ከዚህ በታች ይገለጻል።

በሽታዎቹና ቍጥራቸው

አንድ በሽታ እምብዛም የማይታይ ነው የሚባለው በልዩ ልዩ አገር በልዩ ልዩ መለኪያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ10,000 ሰዎች መካከል ከ5 የማይበልጡትን የሚይዝ በሽታ ነው። በአሜሪካ በመላ አገሪቱ ከ200,000 ሰዎች ያነሰ ቍጥር ያለው፣ በጃፓን ደግሞ ለመድኃኒቱ ልዩ ድጋፍ ለመስጠት ከ50,000 ሰዎች ያነሰ ቍጥር ያለው ነው። የእነዚህ በሽታዎች ዓይነት ከ6,000 ይበልጣል፤ አብዛኞቹ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፉ ወይም ከፅንስ ጀምሮ የሚፈጠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የያዘው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም በአንድነት ሲደመሩ ግን በዓለም ላይ 300 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከእነዚህ በሽታዎች ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል።

ለምሳሌ ያህል ሄሞፊሊያ የሚባለውን በሽታ መመልከት ይበቃል። ጤናማ ሰው ሲቈስል ደሙ ጥቂት ፈስሶ ይረጋል። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ግን ደምን ከሚያረጉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ይጐድለዋል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በወንዶች ላይ ሲሆን፣ የምታስተላልፈው እናት ራሷ ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም አይሰማትም። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወንድ ልጁን ስለሚያስገርዝ፣ የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክት በግርዛት ቀን አልቆም ያለ ደም ሊሆን ይችላል። ከዚያ የተረፈው ልጅ መዳኽና መሄድ ሲጀምር ጕልበቱና ክርኑ በውስጥ እየደማ ያብጣል። መገጣጠሚያው በተደጋጋሚ ከደማ በኋላ ይደርቃል፤ ልጁም ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው አካለ ጐደሎ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላቱ ውስጥ የደማ እንደ ሆነ ደግሞ ሞት ይከተላል።

ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለው። የጐደለው ንጥረ ነገር ከሰው ደም ተለይቶ ወይም በፋብሪካ ተሠርቶ በዱቄት መልክ በጠርሙስ ይቀርባል፤ ተበጥብጦ በደም ሥር ሲሰጥ ደሙ ይረጋል። በጊዜው መድኃኒቱን የሚያገኝ ልጅ ይማራል፣ ይሠራል፣ ትዳር ይመሠርታል። እንግዲህ በዚህ በሽታ በሚሞተውና በሚኖረው መካከል ያለው ልዩነት የጠርሙሱ መገኘትና አለመገኘት ነው ማለት ነው።

ከወረኢሉ ሲቈጠር

የሄሞፊሊያ ቍጥር በዓለም ላይ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ እምብዛም አይለያይም። ዋነኛው ዓይነት ከ5,000 ወንዶች አንዱን ያህል እንደሚይዝ በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቧል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የደቡብ ወሎ ዞን ሕዝብ 2,518,862 ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 1,248,698ቱ ወንዶች ናቸው። ይህ ቍጥር ለ5,000 ሲካፈል 250 ያህል ይመጣል። ከመቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ በነበረው በወረኢሉ ወረዳ በዚያው ስሌት 10 ያህል ይሆናሉ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት በመላ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ10,000 ይበልጣሉ።

ይህ በልደት ጊዜ የሚጠበቀውን የሚያሳይ ስሌት እንጂ የተቈጠረ ሰው ቍጥር አይደለም። ሕክምና በሌለበት ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ስለሚሞቱ በሕይወት የሚገኙት ከዚህ ያነሱ ናቸው፤ በሐኪም ታውቀው በመዝገብ የሰፈሩት ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሱ ናቸው። የቀሩት በየቀበሌው የደም ነገር ያለበት፣ እግሩ የማይታጠፍ፣ ወይም በልጅነቱ የተቀጨ ተብለው ያለ በሽታቸው ስም ይቀራሉ።

ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ምዕራብ እስከ መካነ ሰላም ድረስ በለጋምቦ፣ በከላላ፣ በወግዲ፣ በቦረናና በመሐል ሳይንት ያለው ሕዝብ በገደልና በወንዝ የተከፋፈለ ነው። በመካነ ሰላም ሆስፒታል አለ፤ በደሴም ከፍተኛ ሪፈራል ሆስፒታል ይገኛል። ሆኖም የደምን አረጋግ መርምሮ የጐደለውን ንጥረ ነገር ለይቶ ለማወቅ ልዩ መሣሪያና ልዩ ባለሙያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከወረኢሉ የተነሣ በሽተኛ ወደ ደሴ፣ ከደሴም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል። የመኪናውን ዋጋ፣ የማደሪያውንና የምግቡን ወጪ ለመሸፈን በግ ወይም በሬ መሸጥ ግድ ይሆናል። ሕመሙ የዕድሜ ልክ ስለ ሆነም የሚሸጠው በግ በአንድ አያበቃም።

የአስመጪው ሒሳብ

አንድ መድኃኒት አስመጪ ለእነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን ለማምጣት ቢያስብ ምን እንደሚገጥመው ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ መድኃኒቱ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገብ አለበት። ለዚህም ከፋብሪካው ብዙ ሰነድ ማስመጣት፣ ክፍያ መክፈልና መጠበቅ ያስፈልጋል። የምዝገባው ድካም መቶ ሺህ ሰው ለሚገዛው የራስ ምታት ክኒንና መቶ ሰው ለሚፈልገው ጠርሙስ ብዙም አይለያይም። ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ይመጣል። ከዚያም ፋብሪካው ከተወሰነ መጠን ያነሰ ትእዛዝ አይቀበልም። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል፤ የማቀዝቀዣው ሰንሰለትም ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ በሽተኛው አልጋ ድረስ እንዳይቋረጥ መጠበቅ አለበት።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ገዢው የት እንዳለ አይታወቅም። በሽተኞቹ አልተቈጠሩም፤ አንዱ ወረኢሉ፣ አንዱ መተማ፣ አንዱ ነጌሌ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከመቶው ጠርሙስ ዐሥሩ ተሸጦ ዘጠናው የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ያለፈበት መድኃኒት እንደ ከረመ ጨርቅ በቅናሽ አይሸጥም፤ ማስወገዱ ራሱ ተጨማሪ ወጪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያ ነጋዴ መድኃኒቱን ባያዝዝ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ሐኪሙም በአገር የሌለ መድኃኒት ማዘዝ ይተዋል። ሐኪም ካላዘዘ መድኃኒት ቤቱ አይጠይቅም፤ መድኃኒት ቤቱ ካልጠየቀም አስመጪው ፈላጊ የለም ብሎ ይደመድማል። በዚህ ዓይነት ማንም ክፉ ሳያስብ፣ እያንዳንዱም የራሱን ሒሳብ በትክክል እየሠራ፣ መድኃኒቱ ከገበያው ይጠፋል።

ሌሎች መንግሥታት ያደረጉት

ይህ ችግር በባለጸጎችም አገር የታየ ነው። በአሜሪካ ሐኪሞችና ፋብሪካዎች የእነዚህን በሽታዎች መድኃኒት የሙት ልጅ መድኃኒት ይሉት ነበር፤ የሚያሳድገው ወላጅ የለውም ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት በኢንዱስትሪው ጥረት ለገበያ የበቁት እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ከዐሥር ያነሱ ነበሩ። የሕሙማን ወላጆች ተባብረው ጕዳዩን ለሕዝብ ተወካዮች አቀረቡ። በጥር 1983 የወጣው ሕግ መድኃኒቱን ለሚሠራ ፋብሪካ ለሰባት ዓመት ብቻውን የመሸጥ መብትና ለምርምር ባወጣው ወጪ ላይ የግብር ቅናሽ ሰጠ። የገዢው ማነስ ያጐደለውን ትርፍ ሕጉ በሌላ መንገድ ማካካሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የተፈቀዱት መድኃኒቶች በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው።

ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን መድኃኒት መፈጠሩ ብቻ እንደማይበቃ ታየ። በሽተኛው በሽታውን የሚያውቅ ሐኪም አያገኝም፤ ሐኪሙም መረጃ የሚያገኝበት ቦታ የለውም። ስለዚህ በ1985 ስለ እነዚህ በሽታዎች የሚያጠና ብሔራዊ ኮሚሽን እንዲቋቋም በሕግ ተወሰነ። ኮሚሽኑ በ1989 ባቀረበው ሪፖርት ጕዳዩ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መካከል ተበታትኖ ባለቤት ማጣቱን አመለከተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ ለዚህ ብቻ የተለየ ቢሮ ተከፈተ።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በ2000 በሥራ ላይ ሲውል፣ የትኛው መድኃኒት ድጋፍ እንደሚገባው የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። በዚህ ኮሚቴ ውስጥ ከየመንግሥታቱ ባለሙያዎች ጋር ሦስት የሕሙማን ማኅበራት ወኪሎች ሙሉ አባል ሆነው እንዲቀመጡ ተደረገ። በ2009 መጨረሻ ደግሞ 51 አባላት ያሉት ሌላ የባለሙያዎች ኮሚቴ ተመሠረተ። በእርሱም ውስጥ የመንግሥታት፣ የሕሙማንና የተመራማሪዎች ወኪሎች ብቻ ሳይሆኑ የመድኃኒት ኢንዱስትሪው ወኪሎችም ነበሩበት። ነጋዴውና በሽተኛው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው የሚሻለውን መንገድ ለማግኘት እንደሚጠቅም ታምኖበት ነው። ይህ ኮሚቴ እስከ 2013 ሠርቶ በሌላ የባለሙያዎች ቡድን ተተክቷል። የተወሰነ ዘመን ብቻ የተሰጠው ጉባኤ ዘመኑ ሲያልቅ ሥራው በሌላ እጅ ስለሚወድቅ፣ ጉባኤ ሲቋቋም ዕድሜው አብሮ ሊታሰብበት ይገባል።

በጃፓን ሥራው የተጀመረው ከዚህ ቀድሞ ነው። በዚያ አገር ብዙ ሰዎችን ያሽመደመደ አንድ ሕመም የመጣው ለተቅማጥ ይሰጥ በነበረ መድኃኒት ምክንያት መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ መንግሥት በ1972 ፈውሳቸው አስቸጋሪ ስለ ሆኑ በሽታዎች ልዩ ፕሮግራም አወጣ። በ2014 የወጣው አዲስ ሕግ ከጥር 2015 ጀምሮ ሲሠራበት፣ የሕክምና ወጪያቸው የሚደገፈው በሽታዎች ከ56 ወደ 110፣ ቀጥሎም ከ300 በላይ ሆኑ። የትኛው በሽታ በዝርዝሩ እንደሚገባ ባለሙያዎች መርምረው ለሚኒስትሩ ያቀርባሉ። በሽተኛውም በሽታው በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ጕዳዩ ወደ ዓለም መድረክ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በእነዚህ በሽታዎች የተያዙ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ስለሚገጥማቸው ችግር የመጀመሪያውን ውሳኔ አሳለፈ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጤና ጉባኤ ጕዳዩ የዓለም የጤና ቅድሚያ እንዲሰጠው ወስኖ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የዐሥር ዓመት ዕቅድ እንዲያዘጋጅ አዘዘ።

በኢትዮጵያ የታየ ልምድ

በኢትዮጵያም ለዚህ ሥራ መሠረት የሚሆን ልምድ አለ። ከሁሉ የቀደመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። ከደሴ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ በሚሲዮናውያን የተጀመረው የሥጋ ደዌ መታከሚያ ለወሎ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። በአዲስ አበባም በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አለርት ከአፍሪካና ከሌላም ዓለም ለመጡ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆነ። በ1983 እ.ኤ.አ. ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ የመስጠት ሕክምና በኢትዮጵያ ከተጀመረ በኋላ የሕሙማኑ ቍጥር በፍጥነት ቀነሰ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. በሽታው በአገር ደረጃ ከ10,000 ሰዎች ከአንድ በታች ወረደ። በ1996 እ.ኤ.አ. ሕሙማኑ ራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር መሥርተው ስለ መብታቸው መናገር ጀምረዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፣ መድኃኒቱ ለበሽተኛው በነጻ የደረሰው ገበያው ስላቀረበው ሳይሆን መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ለጋሾች ሕሙማኑን ቈጥረው በአንድነት ስላዘዙት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ የሥጋ ደዌ በቍጥር ሲለካ እምብዛም ከማይታዩት በሽታዎች ወገን መግባቱ ነው። በሽታው ሲያንስ የሚያውቀው ሐኪምም ያንሳል። በየዓመቱ የሚገኙት አዲስ በሽተኞች ግን በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዘግይተው በመታወቃቸው ጣታቸውንና እግራቸውን ያጣሉ። የአንድ በሽታ ማነስ ለሕዝቡ በረከት ሲሆን ለቀረው በሽተኛ ግን አዲስ አደጋ እንደሚያመጣ ከዚህ ይታያል።

በዝሆኔ በሽታም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ይህ የእግር እብጠት በቍጥር ብዙ ነው እንጂ ጥቂት አይደለም፤ ቢሆንም ለብዙ ዘመን በየትኛውም የመንግሥት ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ቈይቶ ነበር። ጤና ሚኒስቴር በ2013 እ.ኤ.አ. ትኵረት ስለተነፈጋቸው የቈላ አገር በሽታዎች ባወጣው የመጀመሪያ ዕቅድ ውስጥ ከስምንቱ አንዱ አድርጎ አስገባው። በዚያው ጊዜ በ659 ወረዳዎች ጥናት ተደርጎ በሽታው የትኛው ደጋ ላይ እንደሚበዛ በካርታ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ሕክምናውን በየጤና ጣቢያው ማዳረስና ጫማ የሚታደልበትን ቦታ መምረጥ ተቻለ። አንድ በሽታ በዝርዝር መግባቱ የወረቀት ሥራ ቢመስልም ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የአንድ ዓይነት የደም ካንሰር መድኃኒት ነው። ግሊቬክ የሚባለው ክኒን በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ የቀድሞውን ገዳይ በሽታ ሰው ዕድሜ ልኩን አብሮት ሊኖር የሚችል ሕመም አድርጎታል። ዋጋው ግን ለኢትዮጵያዊ ገበሬ የማይሞከር ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ሕሙማን መድኃኒቱን ያገኙት ከፋብሪካውና ከማክስ ፋውንዴሽን በተገኘ ልግስና ነው። የሄሞፊሊያ መድኃኒትም እንዲሁ በአብዛኛው ከዓለም የሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በእርዳታ የሚመጣ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው በስጦታ የሚመጣ ዕቃ መጠኑንም ቀኑንም የሚወስነው ሰጪው ነው። ሰጪው ሐሳቡን የለወጠ እንደ ሆነ በመጋዘን የቀረ የለም።

የጉባኤው ሥራ ምን ሊሆን ይችላል?

ጤና ሚኒስቴርን የሚያማክር፣ ሐኪሞችን፣ የመድኃኒት ባለሥልጣኑን፣ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱን፣ የሕሙማን ማኅበራትንና አስመጪዎችን የያዘ አንድ ጉባኤ ቢኖር ዋና ሥራው አራት ይሆናል።

አንደኛ፣ መቍጠር ነው። በየሆስፒታሉ የሚገኘው በሽተኛ በአንድ የአገር መዝገብ ቢጻፍ፣ በደቡብ ወሎ ስንት ጠርሙስ፣ በአማራ ክልል ስንት፣ በመላ አገሪቱ ስንት እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። የተበተነው ገዢ በወረቀት ላይ አንድ ገዢ ይሆናል። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የዐድዋን ዘመቻ ባወጁ ጊዜ የሸዋ ሠራዊት እንዲከትት የታዘዘው በወረኢሉ ነበር፤ በየመንደሩ ተበትኖ የነበረው ሰው ጦር የሆነው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ለእነዚህ ሕሙማን መዝገቡ መክተቻቸው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ መምረጥ ነው። ሁሉንም መድኃኒት መግዛት ስለማይቻል በትንሽ ገንዘብ ብዙ ዕድሜ የሚያተርፈው ተለይቶ መጻፍ አለበት። ሦስተኛ፣ በአንድነት ማዘዝ ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በደሴም ቅርንጫፍ አለው። የዓመቱ መጠን ቀድሞ ከታወቀ በአገልግሎቱ በኩል ወይም በጨረታ ለግል አስመጪ በሚሰጥ ውል ሊገዛ ይችላል። አስመጪውም ዕቃው ሳይመጣ ገዢውን ስለሚያውቅ ኪሣራ አይፈራም። ለጥቂት በሽተኞች የሚመጣ መድኃኒት ምዝገባው የሚያጥርበትን መንገድ ጉባኤው ለባለሥልጣኑ ሊያቀርብ ይችላል። አራተኛ፣ መጠባበቂያ ማስቀመጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የከተማው ሆስፒታል ሥራ ተቋርጦ ነበር። የተለመደ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው በሌላ ከተማ ሊያገኝ ይችላል፤ ለእነዚህ ሕሙማን ግን ምትክ የለም። ስለዚህ ክምችቱ በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ አይገባውም።

የሚነሣው ተቃውሞ

ለወባ፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለወላዶች በቂ ገንዘብ በማይገኝበት አገር ለጥቂቶች ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በንቀትም ሊታለፍ አይገባውም። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው የሕፃናት የጡንቻ መልፈስፈስ መድኃኒት ለአንድ ልጅ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዋጋ ተቈርጦለታል። ይህን የሚገዛ የኢትዮጵያ በጀት የለም። ለፋብሪካዎች የተሰጠው ብቻውን የመሸጥ መብት ዋጋን ከመጠን በላይ ለማናር ምክንያት እንደ ሆነም በየአገሩ ይወቀሳል።

ነገር ግን እምብዛም የማይታይ በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ ውድ ነው ማለት አይደለም። በአንገት ላይ የምትገኘው የታይሮይድ ዕጢ ሳትሠራለት የሚወለድ ሕፃን አለ፤ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚደርሱ ሕፃናት አንዱን ያህል የሚይዝ ሕመም ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተረከዙ በሚወሰድ ጠብታ ደም ከታወቀና በየቀኑ አንዲት ርካሽ ክኒን ከተሰጠው እንደማንኛውም ልጅ ያድጋል። ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ ግን አእምሮውም ቁመቱም ሳይዳብር ይቀራል፤ ቤተሰቡም ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። በዚህ ምሳሌ የሚጐድለው ገንዘብ ሳይሆን ሥርዓት ነው። የትኛው በሽታ እንደዚህኛው፣ የትኛው እንደዚያኛው መሆኑን መርምሮ ለሚኒስትሩ እሺም እምቢም ማለት የሚችል ጉባኤ ካልኖረ፣ ምርጫው ጩኸት ለበረታለት ወይም ወዳጅ ላለው ብቻ ይሆናል። እምቢ የተባለውም በሽተኛ ምክንያቱን የሚሰማበት ቦታ አያገኝም።

የወሎ ሰው የዚህን ሐሳብ መሠረት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በወሎ ቅሬ ሲባል በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር፣ አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን የሐዘን ወጪ ለመንደሩ ሁሉ አካፍሎ ያቀልለታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ በደቡብ ወሎ የሚገኘው ተሁለደሬ ነበር። ገበሬው ባይታመምም መዋጮውን ከፍሎ የታመመውን ጎረቤቱን ሲያሳክም ኖሯል። ለእነዚህ ሕሙማን ግን አንድ ወረዳ ጠባብ ነው፤ ዐሥር በሽተኛ ላለው ወረዳ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ከባድ ሸክም ነው። ለመላው አገር ሲካፈል ግን ሸክሙ ይቀልላል። ቅሬው አገር አቀፍ መሆን አለበት ማለት ነው።

የነጋዴው ድርሻ

እንዲህ ያለ ጉባኤ ማቋቋም የመንግሥት ሥልጣን ነው። የንግዱ ማኅበረሰብ ግን ለሥራው ሊያበረክተው የሚችለው ዕውቀት አለ። የመጋዘን፣ የማቀዝቀዣ፣ የማጓጓዣና የትእዛዝ አያያዝ የነጋዴ ሙያ ነው። የትኛው ፋብሪካ ትንሽ ትእዛዝ እንደሚቀበል፣ የትኛውስ ከጎረቤት አገሮች ጋር ተባብረው ለሚያዝዙ ዋጋ እንደሚቀንስ የሚያውቀው አስመጪው ነው። በየከተማው ያለ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ደግሞ ከሌላ የሚበልጥ አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላል። በሐኪም ማዘዣ ተጽፎ መጥቶ የሌለ ተብሎ የተመለሰውን መድኃኒት ስሙንና ቀኑን በደብተር ቢጽፍ፣ በወረኢሉ፣ በመካነ ሰላምና በደሴ የተጻፉት ደብተሮች ሲደመሩ ዛሬ ማንም ያላየው ፍላጎት ይታያል። የንግድ ምክር ቤቶችም ይህን ደብተር ከአባሎቻቸው ሰብስበው ለጤና ሚኒስቴር ቢያቀርቡ፣ ጉባኤው ከመቋቋሙ በፊት እንኳ የቈጠራው መጀመሪያ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የውጭ ምንዛሪም ልዩ ፈቃድም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው።